ስድስት ሯጭ፣ አንድ ዱላ፦ ከባህር ዳር እስከ ወረታ

ዱላ ቅብብል ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ስታዲየም ነው። አራት ሯጭ፣ ጥቂት ደቂቃ፣ አለቀ። የመንገዱ ዱላ ቅብብል ግን ሌላ ነገር ነው። ግማሽ ቀን ይፈጃል። አንዱ ሲሮጥ አምስቱ ይጠብቃሉ። ከጓደኞቼ ጋር ጣና ዳር ከሞከርኩት በኋላ አንድ ነገር ገብቶኛል፦ ቡድን የሚበላሸው ሩጫው ላይ ሳይሆን ጥበቃው ላይ ነው። አስፓልት ላይ ያለው ሯጭ የሚያደርገውን ያውቃል። ችግሩ ያለው መኪና ውስጥ የተኛው፣ ጥላ ስር የተቀመጠው፣ "ገና ነው" ብሎ ሻይ ያዘዘው ጋ ነው። ስለዚህ እዚህ ከሩጫው እኩል ስለ ጥበቃው አወራለሁ።

ሐይቅ ዙሪያ በቡድን መሮጥ በሌላው ዓለም የተለመደ ነው። አሜሪካ ውስጥ ታሆ የሚባል ሐይቅ አለ። ሰባት ሰው እየተቀባበለ ዙሪያውን 116 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ከፍታው 1,900 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከጣና የሚበልጠው በ100 ሜትር ገደማ ብቻ። ጃፓኖች ደግሞ የመንገዱን ቅብብል ኤኪደን ይሉታል። ከሁሉ የሚታወቀው የሐኮኔው ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ተጀመረ። ዛሬ አስር ሯጮች በሁለት ቀን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናሉ። ዱላም አይዙም። ታሱኪ የሚባል ጨርቅ በትከሻቸው አጥልቀው ይሮጡና ለቀጣዩ ያስረክባሉ። ወደዚህ ጨርቅ በኋላ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ መንገዱን ወስኑ

ጣናን ሙሉ ዙሪያውን እንሩጠው የሚል ሐሳብ ሁሌም ይነሳል። ደስ ይላል። ግን ሐይቁ በርዝመቱ 84፣ በወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱም ውሃው ጠርዝ ላይ አይሄድም። ከባህር ዳር ጎንደር ብቻ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በምዕራብ በኩል በቁንዝላና በደልጊ አድርጎ ጎርጎራ መድረስ ሌላ ጉዞ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ይሄን ተዉት።

እኔ የምመክረው የምሥራቁን ዳር ነው፦ ከባህር ዳር በዘንዘልማና በሐሙሲት አድርጎ ወረታ። ከ60 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያነሰ ነው። ስድስት ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ከተማውና የአባይ ድልድይ አለ። ቀጥሎ ወጣ ገባ ያለ መንገድ ይመጣል። ከሐሙሲት በኋላ ደግሞ ወደ ፎገራ ሜዳ ትወርዳላችሁ። የጉማራን ወንዝ ከተሻገራችሁ ግራ ቀኙ የሩዝ ማሳ ነው። ሐይቁ በግራ በኩል ራቅ ብሎ ይቀራል።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ይህ መንገድ ሰላም ካልሆነ አይሮጥም። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ የወረታ መስመር ሹፌሮችን ጠይቁ። በየቀኑ የሚመላለሱበት ናቸውና ከማንም በላይ ያውቃሉ። ለከተማው አስተዳደርና ለትራፊክ ፖሊስ በጽሑፍ አሳውቁ። በምታልፉባቸው ቀበሌዎችም አንድ ሰው ቀድሞ ሄዶ ይናገር። ስድስት የማይታወቅ ሰው በየተራ እየሮጠ ሲያልፍ ያየ ገበሬ "ምን መጣ?" ቢል እውነቱን ነው። "አይሆንም" ከተባላችሁ አትከራከሩ።

ያኔ ሌላ አማራጭ አለ። ከተማ ውስጥ ሐይቁ ዳር 2.5 ኪሎ ሜትር ለኩና ደርሶ መልስ 5 ኪሎ ሜትር አድርጉት። ከዚያ የማራቶን ዱላ ቅብብል ሩጡ። የታወቀው አከፋፈል 5፣ 10፣ 5፣ 10፣ 5 እና 7.195 ኪሎ ሜትር ነው። ሲደመር ልክ 42.195 ይመጣል። መቀባበያው አንድ ቦታ ስለሆነ መኪና አያስፈልግም። እንደውም ወረታን ያሰቡ ቡድኖች ሁሉ ከወር በፊት ይሄን እንደ ልምምድ ቢሮጡት እመርጣለሁ።

ወቅቱ

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ምረጡ። ክረምቱ አልፏል፣ ሙቀቱ ገና አልመጣም። መጋቢትና ሚያዝያ ባህር ዳር ላይ ረፋዱ ራሱ ያቃጥላል። ከአዲስ አበባ የምትመጡ ደግሞ አትሸወዱ። ከፍታው ወደ 1,800 ሜትር ስለሚወርድላችሁ ትንፋሽ ይቀላል። በዚህ ተደስታችሁ ስትፈጥኑ ሙቀቱ በኋላ ያገኛችኋል።

ሁለት ነገር ጨምሩ። የጾም ቀን አይሁን። ጿሚ ሯጭ ውሃ ሳይቀምስ እየሮጠ ሌላው ሲጠጣ ማየት ለቡድኑም ይከብዳል። የገበያ ቀንም አይሁን። በገበያ ቀን መንገዱ የአህያና የበግ ነው፤ ሯጭ መግቢያ አያገኝም።

ማን የትኛውን ይሩጥ

አብዛኛው ቡድን ፈጣኑን መጨረሻ ላይ ያደርጋል፣ ፎቶው እንዲያምር። እኔ አልስማማም። ፈጣኑና ሙቀት የሚችለው ሰው መሮጥ ያለበት ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። እዚያ ረፋድ ላይ ጥላ የለም። ነፋስ ካለም ዛፍም ኮረብታም አይከልለውም።

የመጀመሪያውን ተራ ለረጋ ሰው ስጡ። ጠዋት በጊዮርጊስ በኩል ሐይቁ ዳር ተሰብስባችሁ ስትነሱ ሁሉም ያጨበጭባል፣ ቪዲዮ ይቀረጻል። በዘንባባው መንገድ ላይ ሲገባ እግር ብቻውን ይከንፋል። የማይረጋ ሰው አባይን ሳይሻገር ይጨርሳል። ቀስ የሚለውን ሯጭ ጠዋት በብርዱ አሩጡት። ዳገት የሚወደውን ከዘንዘልማ በኋላ አስገቡት።

እኛ ርቀቱን እኩል አላካፈልንም። 8፣ 12፣ 10፣ 10፣ 11 እና 7 አደረግነው። ጉልበት እኩል ካልሆነ ርቀት እኩል የሚሆንበት ምክንያት የለም። ይህን ስታደርጉ ግን ፊት ለፊት ተነጋገሩ። "አንቺ ደካማ ስለሆንሽ 7 ሩጪ" የተባለች ጓደኛ እስከ ወረታ ድረስ አኩርፋ ነው የምትሄደው። ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ መንገዱ ተናገሩ፦ እዚህ ሙቀት አለ፣ እዚህ ዳገት አለ፣ ማን ይሻለዋል?

ወረቀቱ

የዚህ ሁሉ ነገር ልብ አንዲት ወረቀት ናት። ማን፣ ከየት፣ እስከ የት፣ በስንት ሰዓት የሚል። አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሯጭ 10 ኪሎ ሜትር በስንት እንደሚሮጥ በሐቅ ይናገር። በኪሎ ሜትር 30 ሰከንድ ጨምሩበት። መንገዱ ስታዲየም አይደለም፤ ከብት ይቆማል፣ ሕጻናት ይከባሉ።

የኛ ወረቀት ይህን ይመስል ነበር። ጠዋት 12፡30 መነሻ። አንደኛው 8 ኪሎ ሜትር፣ አንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ሒሳብ 48 ደቂቃ፤ 1፡18 ላይ ያስረክባል። ሁለተኛው 12 ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ፣ 66 ደቂቃ፤ 2፡24። ሦስተኛው 10 ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ፣ 65 ደቂቃ፤ 3፡29። ሐሙሲት አካባቢ ማለት ነው። አራተኛው 10 ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ፤ 4፡29። አምስተኛው 11 ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ፣ 55 ደቂቃ፤ 5፡24። የመጨረሻው 7 ኪሎ ሜትር 42 ደቂቃ፤ ቀን 6፡06 ላይ ወረታ።

ይህን በስድስት ቅጂ አትሙ። ስልክ ላይ ብቻ አታስቀምጡት፤ ባትሪ ያልቃል፣ ኔትወርክ ይጠፋል። መቀባበያዎቹንም በቁጥር ብቻ አትጻፉ። አስቀድማችሁ በመኪና ሂዱና በመኪናው ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ለኩ፤ ከዚያ ምልክት ምረጡ። "20ኛው ኪሎ ሜትር" የሚል ወረቀት ማንንም አያቆምም። "ከትልቁ ዋርካ አለፍ ብሎ፣ ቆርቆሮው ሱቅ ፊት ለፊት" የሚለው ያቆማል።

ሕጋችን አንዲት ነበረች፦ ተረካቢው ከሰዓቱ 15 ደቂቃ ቀድሞ በእግሩ ይቁም። ቁጭ ማለት የለም። ይህን ሕግ ያወጣነው ከደረሰብን በኋላ ነው።

መጀመሪያ የሞከርን ጊዜ ሦስተኛው ሯጭ መቀባበያው ላይ ወርዶ ሲጠብቅ አንዲት እናት ቡና አፍልተው ነበር። "ልጄ፣ ቁጭ በል፣ እንግዳ ቆሞ አይውልም" አሉት። እንዴት እምቢ ይበል? አቦሉን ጠጣ። ቶናው መጣ። ጫማው ወልቆ፣ እግሩ ቄጤማው ላይ ተዘርግቶ በረካውን ሲጠብቅ የኛ ልጅ ዱላውን ይዞ ከቆርቆሮው ሱቅ ፊት ደረሰ። ዞር አለ። ሰው የለም። ስም እየጠራ ጮኸ። 12 ኪሎ ሜትር ሮጦ የመጣ ሰው ላቡ እየነጠበ መንገድ ዳር ብቻውን ቆሞ ሲጣራ ማየት ያማል። አራት ደቂቃ ከምናምን ጠፋ። ከደቂቃው በላይ የጠፋው የልጁ ሞራል ነው። ማንንም አልሰደበም፤ ግን እስከ ማታ አላወራም።

ቡናው ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ተረካቢውን ብቻውን መተዋችን። አሁን አብሮት የሚወርድ አንድ ሰው አለ። ግብዣ ሲመጣ ያ ሰው "እኔ እጠጣለሁ እማማ፣ እሱ ተረኛ ነው" ይላል። ሰው ይገባዋል። እንደውም እኚያው እናት ሁለተኛ ስናልፍ "ተረኛው የቱ ነው?" ብለው ውሃ ይዘው ጠብቀውናል።

ልምምድ

ስምንት ሳምንት ይበቃል፣ አሁን ያለ ማቋረጥ 5 ኪሎ ሜትር የምትሮጡ ከሆነ። በሳምንት ሦስት ቀን ሩጡ። አንዱ ቀላል፣ ሐይቁ ዳር እያወራችሁ የምትሮጡት። አንዱ ዳገት፤ ለዚህ ቤዛዊት ኮረብታ አለላችሁ። አባይን ከላይ እያያችሁ ትወጣላችሁ። ስድስት ጊዜ 1 ደቂቃ ሽቅብ፣ ወደ ታች በእርምጃ። ሦስተኛው እሁድ ጠዋት ረጅም ሩጫ ነው። ከተራችሁ ርቀት 2 ወይም 3 ኪሎ ሜትር እስኪበልጥ ድረስ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ።

ማንም የማይለማመደው፣ ግን ዋናው ልምምድ ሌላ ነው፦ ተቀምጦ መነሳት። አምስተኛው ሯጭ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 4፡29 ይጠብቃል። አራት ሰዓት መኪና ውስጥ። ጭኑ ይጨማደዳል፣ ሆዱ ይከብዳል፣ ይደብተዋል። ድንገት ተነስቶ መክነፍ አለበት። ስለዚህ በሰባተኛው ሳምንት አንድ ቅዳሜ በጠዋት ቁርስ በሉ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጡ፣ ከዚያ ወርዳችሁ 15 ደቂቃ አሟሙቁና ሩጡ። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር እንዴት እንደሚያስቸግር በዚያ ቀን እወቁት። በእለቱ አዲስ አይሁንባችሁ።

ዱላው

የስታዲየሙ ዱላ ከ28 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱም ከ50 ግራም አያንስም። ለአንድ ዙር ምንም አይደለም። ለአንድ ሰዓት ግን እጅ ያልበዋል፣ ትከሻ ያደርቃል። እኛ ዱላውን ትተን የጃፓኖቹን ዘዴ ወሰድን። ከአሮጌ ነጠላ ጥለቱን ቀደን፣ ጫፍና ጫፉን ሰፍተን በትከሻ የሚጠለቅ አደረግነው። ቀላል ነው። ላብ ይጠጣል። ሰውም ጥለቱን ከሩቅ ሲያይ ፊቱ ይፈካል።

የማስረከቡ ነገር እንዲህ ነው። አስረካቢው 200 ሜትር ሲቀረው ያወልቀዋል፣ እጁ ላይ አንድ ጊዜ ይጠቀልለዋል፣ በሁለት እጁ ወጥሮ ይዘረጋል። ተረካቢው ሳይሮጥ፣ በእርምጃ እየቀደመ ይቀበላል፤ ከዚያ እየሮጠ ያጠልቃል። ቦታው ከአስፓልቱ ውጪ ይሁን። መሬት ላይ በኖራ 20 ሜትር አስምሩና እዚያ ውስጥ ብቻ ተቀባበሉ። ኤኔትሬና አይሱዙ የሚያልፍበት መንገድ መሐል መቃቀፍ አያስፈልግም።

መኪና፣ ውሃ፣ ምግብ

አንድ ሚኒባስ፣ አንድ የታመነ ሹፌር፣ አንድ ሰዓት ያዥ። ነዳጁን ከቀኑ ቀድማችሁ ሙሉ። ጠዋት ማደያ ሰልፍ ላይ የቆመ መኪና ሯጭ አይደርስም። ሹፌሩ ከሯጩ ኋላ ኋላ አይከተል፤ ጭስና ድምፅ ያስጨንቃል፣ ከኋላ የሚመጣውንም ያሳስታል። 3 ኪሎ ሜትር ቀድሞ ይቁም፣ ውሃ ይስጥ፣ እንደገና ይቅደም። ተረካቢውን ቀድሞ ማውረድ ግን ከሁሉ ይበልጣል።

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ንጹህ ውሃ ያዙ። ሯጩ በሰዓት ግማሽ ሊትር፣ ሲሞቅ ትንሽ ከዚያ በላይ ይጠጣ። ከመጠን በላይ ባዶ ውሃ መጋትም ይጎዳል፤ ሰውነት ጨው ያጣል። በአንድ ሊትር ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ከዚያ በላይ ጨው አታድርጉ። ሙዝ አይቅር።

ማታ ሽሮ በእንጀራ ወይም ፓስታ ብሉ፣ በርበሬው ለዘብ ይበል። ጥብሱን ለማግስቱ አቆዩት። ጠዋት በሶ። ከመሮጣችሁ ሁለት ሰዓት በፊት፣ በማር ወይም በስኳር የተበጠበጠ ቀጭን በሶ ሆድ ላይ አይከብድም። ስለዚህ አምስተኛው ሯጭ ቁርሱን 12 ሰዓት ላይ ከሌላው ጋር በልቶ እስከ ተራው እንዳይቆይ። 2፡30 አካባቢ እንደገና ይብላ። ይህን ወረቀቱ ላይ ጻፉት፤ ካልተጻፈ ይረሳል።

ቫዝሊን ለብብትና ለጭን፣ ፕላስተር ለእግር፣ ትርፍ ካልሲ። ፎገራ ላይ ከዝናብ በኋላ ባሉት ወራት ወባ አለ። ትንኟ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና ከዋዜማው እዚያ የምታድሩ በአጎበር እደሩ።

ሩጫው ላይ

እኛ አገር መኪና በቀኝ ነው የሚሄደው። ስለዚህ በግራ በኩል፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያያችሁ ሩጡ። ደማቅ ልብስ ልበሱ። የጆሮ ማዳመጫ አታድርጉ።

ሕጻናት ይከተሏችኋል። ደስ ይላል፣ ግን አደገኛ ነው። እናንተ በግራ ስትሮጡ እነሱ መሐል አስፓልት ይገባሉ። ፍጥነት ቀንሱ፣ "በዚህ በኩል፣ ከኔ ጋር" በሏቸው። 30 ሰከንድ ብትጠፋ ትጥፋ። ከብት ሲያልፍ ቁሙ፣ እረኛውን ሰላም በሉ። ሽማግሌ ሲያጋጥም "እንደምን አደሩ" ማለት ትንፋሽ አይጨርስም። "በርቱ፣ አይዟችሁ" ሲመለስላችሁ ደግሞ እግር ይቀላል። ይሄን የሮጠ ያውቀዋል።

አንድ ሯጭ ቢያቅተውስ? ይህን ከዋዜማው ወስኑ። የኛ ደንብ ተረኛው ካለበት ሄዶ ጥለቱን ይቀበላል የሚል ነው፤ ጥያቄ የለም፣ ይቅርታ መጠየቅም የለም። ካዞረው፣ በሙቀት መሐል ብርድ ብርድ ካለው፣ ወሬው ከተምታታ ያኔውኑ አቁሙት። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አላሉለት፣ በውሃ አብርዱት፣ አራግቡለት። ግራ መጋባቱ ካልለቀቀው በቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሩጫው እዚያ ላይ ይቆማል።

ባህር ዳር ለምትጨርሱ ደግሞ፣ እግር ለማቀዝቀዝ ጣና ውስጥ አትግቡ። ውሃው ዳር የቢልሃርዚያ ትል አለ፤ በቆዳ ነው የሚገባው። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢም ጉማሬ አለ። ቀዝቃዛ ውሃ በባልዲ ይበቃል።

ወረታ ስትደርሱ

የመጨረሻው 500 ሜትር ላይ አምስታችሁም ወርዳችሁ ጠብቁ። ከመጨረሻው ሯጭ ጋር አብራችሁ ግቡ። ከዚያ ወዲያው አትቀመጡ፤ 10 ደቂቃ ተራመዱ። ደረቅ ልብስ ቀይሩ። ምሳ ወረታ ብሉ። ጤፍና ሩዝ ተቀላቅሎ የሚጋገረው እንጀራ የአካባቢው ነው፣ ቅመሱት። የሹፌሩን ሒሳብ ከምሳው በፊት ዝጉ።

ምግቡ እስኪመጣ ሰዓት ያዡ ወረቀቱን ያውጣ። ከታቀደው ሰዓት አጠገብ የተሮጠውን ይጻፍ፣ ሁሉም እያየ። ከዚያ ሦስተኛ መስመር ጨምሩ፦ ተረካቢው በስንት ሰዓት ቆሞ ነበር የተገኘው?